የስቴሽኗ የኋላ በር

ያመነ ይመን፣ ያላመነም ይተወው... ይህ ግን በእኔ በአዘዘ ላይ የደረሰ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጎንደር፣ ቁስቋም፣ ከቤቴ ደጃፍ። ፀሐዩ ያቃጥላል።

አሮጌ ስቴሽን ማኪናዬን ልሸጥ ነው። ቀለሟ ተልጧል፣ ወንበሯ ተቀዷል፣ ሞተሯ ግን ሸጋ ነው። ስለ ቀለሟ የሚነዘንዘኝን ገዢ ሁሉ "ልትነዳት ነው ልታገባት?" እለዋለሁ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው... የኋላው በር፣ ከውስጥ በኩል። ምንጣፍ ለጥፌ ሸፍኜዋለሁ።

ባለፈው ክረምት የአንዲት ሴት አስከሬን ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ድብ ባሕር ጫንኩ። መቼም በእኛ አገር ሬሳ አያድርም፤ ሳይመሽ ለመቅበር ጥድፊያ ነው። መንገድ ላይ ከኋላ... ኳ... ኳ...

"ቃሬዛው ነው፣ ንዳ" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሟ።

ነዳሁ።

በአሥር ሰዓት ተቀበረች።

በማግስቱ ማኪናዋን ሳጥብ በሩን አየሁት። በጥፍር ተቧጭሯል... ከውስጥ።

ሴትዮዋ ስጭናት አልሞተችም ነበር።

ለማንም አልተነፈስኩም። ፈሪ ነኝ፣ አልክድም። አሁን ግን ባለቤቴ ዳግማዊት ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ልጄ በዚያች ማኪና እንዲሳፈር አልፈልግም። ዛሬውኑ መሸጥ አለባት።

ገዢው ከማክሰኝት የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አያ ሰውአገኝ። ሞተሩን አላስነሱም፣ ጎማውንም አላዩም። በቀጥታ ወደ ኋላ ዞረው ምንጣፉን ገለጡት...

"ምንድን ነው ይህ?" ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ፍየል ጭኜ ነው፣ አያ።"

"ሬሳ አልጫንህባትም?"

"ኧረ በፍጹም!"

"ማል።"

ምንጣፉን መልሼ ሸፈንኩት።

"ከዋሸሁ... ልጄን አያሳየኝ።"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። "እንግዲያ እወስዳታለሁ" አሉ።

እፎይ አልኩ።

ወዲያው ዳግማዊት ከቤት ወጣች። መቃኑን ተደግፋ ቆመች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"አዘዘ..." አለች በሹክሹክታ።

"ምጥ ነው?"

"እንጃ... እጅህን አምጣ።"

እጄን ሆዷ ላይ አሳረፍኩ። መጀመሪያ ምንም የለም...

ከዚያ ከውስጥ በጥፍር ተቧጨረ... መዳፍም መጥቶ መዳፌ ላይ ተለጠፈ። አምስት ጣት... አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

የሕፃን እጅ አልነበረም።

ከእኔ መዳፍ ጋር እኩል ነበር።