የአሥራ ሰባት ቁጥር አምባር

በታብሌቱ ላይ ቁጥር 17 ቀይ ሆነ። የልብ ምት 131፣ ኦክስጅን 89። ከጎኑ የተጻፈው ስም «ፋዲላ» ይላል።

ሲስተር ሕይወት ተጣድፋ ወደ ሴቶቹ አዳራሽ ገባች፤ ሩዋይዳ ታብሌቱን እንደያዘች ተከተለቻት። እትዬ ፋዲላ ግድግዳ ተደግፈው በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር።

«እትዬ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«እኔን የያዘኝ ረሃብ ነው ልጄ። ማሽናችሁ ረሃብም ይለካል እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሲስተር ሕይወት ክንዳቸውን ይዛ ሰዓቷን እያየች የልብ ምታቸውን ቆጠረች። ሰባ ስድስት። «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» አለችና የ17ን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ዘግታ፣ በወንዶቹ ክፍል እግሩ ወደተሰበረው ሰውዬ ተመለሰች።

የሮቢ ወንዝ ከሞላ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቤታቸውን ውሃ የወሰደባቸው ሰዎች በትምህርት ቤቱ ሰፍረዋል። አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ ቆሟል፤ ከዚህ ወገን ያለችው ጤና ባለሙያ ሲስተር ሕይወት ብቻ ናት። ስለዚህ ለአደጋ ጊዜ ተብለው የተቀመጡት ጥቁር አምባሮች ለበሽተኞች፣ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ታሰሩ። አምባሩ የልብ ምትንና ኦክስጅንን እየለካ ያለ ሽቦ ወደ ታብሌቱ ይልካል። ታብሌቱን የሚጠብቁት የመጀመሪያ እርዳታ ክበብ አባላቱ ሩዋይዳና ሒክማ ናቸው። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው።

ሩዋይዳ የእትዬ ፋዲላን አምባር ቀስ ብላ ገለበጠችው። ከውስጥ የተጻፈው ቁጥር 23 ነው።

ለከሰዓቱ የአስር ሰላት ውዱእ ሲያደርጉ፣ ፊትና እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ሴቶቹ «ውሃው ቆዳችንን መንካት አለበት» ብለው አምባራቸውን ማውለቅ ጀምረው ነበር። አላልቶ ከፍ ማድረግ ይበቃ ነበር፤ ሩዋይዳ ግን እንዳይጠፋ ብላ ሁሉንም በሻርፗ ሰበሰበችው። ከሰላት በኋላ ቁጥሩን ሳታይ እጇን ለዘረጋች ሁሉ አደለች። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።

«ሒክማ፣ አምባሩ ተቀያይሯል። 17 ያለው ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። ያ ሰው ታሟል።»

ሒክማ ወደ በሩ አየች። «ቀስ ብለሽ አውሪ። ሲስተር ከሰማች ታብሌቱን ትቀማናለች፤ ከዚያ የሰፈሩ መሳቂያ መሆን ነው። እኛው እየዞርን እንፈልግ። ማን ያውቅብናል?»

ሩዋይዳ ጀመረች። የመጀመሪያዋ ሴት 8። ሁለተኛዋ 30። ሦስተኛዋ ልጅ ታጠባ ነበርና «ቆይ እስኪተኛልኝ» አለቻት። ሩዋይዳ ታብሌቱን አየች። ኦክስጅን 87። በአዳራሹ ከመቶ ሰው በላይ ተጨናንቋል፤ አምባር ያላቸው ሠላሳ አንድ ናቸው። አራተኛዋ 12። ታብሌቱ 86።

«እንዲህ እየዞርን አይደረስም» አለች ሩዋይዳ።

«ሩዋይዳ፣ ተይ እንጂ!»

እሷ ግን ወደ ወንዶቹ ክፍል ሄዳ ነበር። «ሲስተር፣ የተሳሳተው ማሽኑ አይደለም። እኔ ነኝ። ውዱእ ላይ አምባሮቹን ሰብስቤ ቁጥር ሳላይ መለስኳቸው።»

ፋሻ የሚጠቀልለው እጇ ቆመ። ሲስተር ሕይወት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «አሁን ስንት ነው?»

«ሰማንያ አምስት።»

ሩዋይዳ ተመልሳ አንድ ዴስክ ላይ ወጣች። «እናቶቼ፣ አምባሩን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። አምባር የታሰረላችሁ ሁሉ እጃችሁን አንሱልኝ።»

እጆች ተነሡ። አምባር ከታሰረላቸው መካከል ከጥግ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለች አንዲት ሴት ብቻ አላነሣችም። የስምንት ወር ነፍሰ ጡሯ ሰሊማ ናት። ተቀምጣ ሰግዳ ከተኛች ጀምሮ፣ አጠገቧ ያሉት ሴቶች «ደክሟት ነው» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውላት ነበር።

ሩዋይዳ ሮጣ አምባሯን ገለበጠችው፤ 17። ተከትላት የገባችው ሲስተር ሕይወት ሰሊማን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻት፣ መስኮቶቹን አስከፈተች፣ አምቡላንሱ ጋ ደወለች። የሹፌሩ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ተሰማ። «ውሃው አልጎደለም ሲስተር። ምን ላድርግ?»



ሩዋይዳ ከ17 ጎን «ፋዲላ» የሚለውን አጥፍታ «ሰሊማ» ብላ ጻፈች። የተዘጋውን ድምፅ መልሳ ከፈተችና ታብሌቱን ከሲስተር አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ በሩ አጠገብ ካለችው ሴት ጀመረች። አምባሩን ገለበጠች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ ስም ጠይቃ ጻፈች። ወደ ቀጣይዋ አለፈች። ሒክማ ትንሽ ቆማ አየቻትና ከሌላኛው ጫፍ ጀመረች።

ከኋላቸው ታብሌቱ ይጮሃል።