ስሜ በሙሾ የተጠራ ቀን

ነቀምት ውስጥ የመጀመሪያው ኦፔራ የታየው በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔም የሞትኩት ያን ዕለት ነው። አይዟችሁ፣ አትደንግጡ፤ ጤነኛ ነኝ።

ኦፔራውን የደረሰው ተረፋ ነው፤ የአርጆ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ የመጣ አስተማሪ። ታሪኩን ወለጋ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሙሽራዋ በሰርጓ ቀን ዲዴሳን ስትሻገር ወንዙ ይወስዳታል፤ ሙሽራው ማዶ ቆሞ ይጣራል። ተረፋ አኮርዲዮን ጨመረበትና ንግግሩን ሁሉ ዜማ አደረገው። ሙሽራዋ እኔ፣ ሙሽራው እሱ ሆንን።

በልምምድ ላይ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ዜማው ይጠፋበት ነበር።

«ከየት እንጀምር?» ይለኛል።

«ካቆምክበት» እለዋለሁ።

የት እንዳቆመ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን አፍ አውጥተን ተነጋግረን አናውቅም።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሙሽራው እናት «ውሃ አምጡልኝ» ብላ በዜማ ስትጠይቅ ሰው በሳቅ ፈረሰ። «ምነው፣ መናገር ተሳናቸው እንዴ?» አለ አንዱ። ባለሱቁ ማዘንጊያ ደግሞ «ውሃ በዚህ ሁሉ ዜማ ከተለመነ ጠላ ሲያምራቸው ምን ሊሆኑ ነው?» ብሎ ጨመረበት።

ከዚያ ወንዙ ወሰደኝ። ሰማያዊ ጨርቅ ለብሼ ተጋደምኩ። ተረፋ ወደፊት ወጣና ሙሾውን ጀመረ። በተረቱ ሙሽራዋ ስም የላትም። በልምምድም «ሙሽራዬ» እያለ ነበር የሚያዜመው። ያን ቀን ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሎሚ! ሎሚ ሞረዳ!» አለ፤ የእኔን ስም።

ሳቁ ቀጥ አለ።

በእኛ አገር ደንብ አለ። በሙሾ ስሙ የተጠራ ሰው ሞቷል፤ የሰማ ሁሉ ተነሥቶ ያለቅስለታል። ከተለቀሰለት ወዲያ የለም። ከጨርቁ ሥር ሆኜ አግዳሚ ወንበሮቹ ሲንቋቁ ሰማሁ። አንዲት አሮጊት «ወዮ ሎሚ!» ብለው ተቀበሉ። አዳራሹ ሁሉ ተከተላቸው። ከድምፁ ሁሉ መሐል የእናቴን ለየሁት።

ጨርቁን ጥዬ ተነሣሁና እጅ ነሣሁ። አንድ ሰው አላጨበጨበም። አንገታቸውን ደፍተው በአጠገቤ አለፉ።

በማግሥቱ ሴቶቹ ምግብ ይዘው ቤታችን መጡ። «ዋቃ ያጽናሽ፣ አዴ ቀለሟ» አሏት እናቴን። እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ።

«ደግ ልጅ ነበረች» አለች አንዷ።

«ኧረ አለሁ!» አልኩ።

ሴትዮዋ ብርድ እንደመታው ሰው ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ወሬው ቀጠለ።

እናቴ ምግቤን በር ሥር አስቀምጣ ዘወር ትላለች። ገበያ ስወጣ ሰው መንገድ ይለቅልኛል፤ ሰላም የሚለኝ ግን የለም። ያ ቀልደኛው ማዘንጊያ እንኳ፣ የዚህ አገር ሰው ሳይሆን፣ ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ ገፋ አድርጎ «እህቴ፣ ደንበኛ እንዳይሸሸኝ» አለኝ፤ ዓይኑን ሳያነሣ።

ተረፋ ሽማግሌ ላከ። አባቴ እንዲህ ብሎ መለሳቸው፦ «ለተለቀሰላት ሽማግሌ አይላክም። የተለቀሰለትን ‹ልጄ› ብሎ የጠራ ቤት ሌላ ልጅ ይከፍላል። እኔ ደግሞ የቀረኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው።»

ታናሽ ወንድሜን ደረሳን ማለቱ ነው። እኔም እወደዋለሁ፤ ምን ልበል?

ተረፋን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አገኘሁት።

«ምን ነክቶህ ነው ስሜን የጠራኸው? የአርጆ ልጅ አይደለህም? ደንቡ ጠፋህ?»

«አዲስ አበባ ስኖር ረሳሁት» አለ። «ስምሽን ሰው ፊት ጮክ ብዬ መጥራት ፈልጌ ነው። በሌላ ጊዜማ ድፍረቱ የለኝም።»

አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ። ደግሞ ወደድኩት፤ እንደዚያን ሰዓት ወድጄው አላውቅም።

«አንተ ጅል!» አልኩትና አለቀስኩ።

«እኔንም ጥሪኝ።»

«ምን?»

«ዓርብ ደግመን እናሳያለን። ወንዙ እኔን ይውሰደኝ፤ አንቺ አልቅሺ። ሁለታችንም ከሞትን ማን ይከለክለናል?»

«የእውነት ብትሞትስ?»

«አሁንስ አንቺን ካጣሁ ለማን ብዬ ልኑር?» አለ።

ዓርብ አዳራሹ ከበፊቱ የባሰ ሞላ፤ ሙት ስትዘፍን ማየት ማን ይጠላል! አንድም ዓይን ግን እኔ ላይ አላረፈም። እኔን አልፈው ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። ተረፋ ተጋደመ፤ ጨርቁን ለበሰ። ተራዬ ደረሰ። ጨርቁ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፤ እየተነፈሰ ነው። ከጠራሁት በኋላ ትንፋሹ ቢቆምስ?

«ተረፋ!» አልኩ። «ወዮ ተረፋ!»

ማንም አልተነሣም። የሙትን ሙሾ የሚቀበል የለም ማለት ነው፤ ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ ራድኩ። ደግሜ ጠራሁ። አሮጊቷ በቀስታ ተነሡ። ወንበሮቹ ተንቋቁ፤ አዳራሹ በለቅሶ ተናጋ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ጨርቁ አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ የጊምቢ አውቶብስ ላይ ልንሳፈር እጅ ለእጅ ተያይዘን ገበያውን መሐል ለመሐል አቋረጥን። በዚያ ዘመን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነቀምት ላይ! አንድ ሰው አልሰደበን፣ አንድ ሰው አላየን። ቅቤ ነጋዴዎቹ በእኛ በኩል አሻግረው ዋጋ ይከራከራሉ። ረዳቱ እንኳ ገንዘባችንን ሲቀበል እጃችንን ላለመንካት ተጠንቅቆ ነው።

አውቶብሱ ሊነሣ ሲል እናቴን ከመስኮቱ ሥር አየኋት። ደረሳን እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። ቀና ብላ አላየችኝም። አንዴ ልጁን ታያለች፣ አንዴ ጎማውን። ከዚያ እጁን ለቀቀችው።

«እልልልል!» አለች፤ ብቻዋን።

ገበያው ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አዴ ቀለሟ፣ የማን ሰርግ ነው?» አለቻት አንዲት ቅቤ ነጋዴ፤ ድምፅዋ ፈርቶ።

እናቴ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«የልጄ!» አለች።