የመጀመሪያው ዱቄት

«ዘርጋ እንጂ እጅህን» አለ ይገዙ።

ሌታ ዘረጋ። የወፍጮው ድንጋይ ጠዋት ተወቅሮ ገና መዞር መጀመሩ ነበር። እንዲህ አዲስ ሲወቀር መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት የድንጋይ ፍርፋሪ አለበት፤ ለከብት እንኳ አይሰጥም፣ ተጠርጎ ጓሮ ይደፋል። እዚህ እጃጂ ወፍጮ ቤት ግን ከመደፋቱ በፊት አንድ እፍኝ ይቀነሳል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ይቅመዋል፣ ሌላው ከቦ ይስቃል። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ የሚያስፈጽመው ግን የሞተሩ አለቃ ይገዙ ነው።

ሌታ አምና ቅሟል። የፊት ጥርሱ ጫፍ የተሸረፈው ያን ቀን ነው። ዱቄቱን ሲተፋ ይገዙ «ገለባ» አለው፤ ስሙ በዚያው ቀረ። እህል ሊያስፈጩ የሚመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ገለባ ይሉታል። የሰው ስም መንጠቅ እንዴት ቀላል ነው! መልሶ የሚሰጥ ግን አይገኝም።

«በል ሌታ፣ አዲሱን ሰው አቅምሰው» አለ ይገዙ፣ እፍኙን መዳፉ ላይ እየገለበጠ።

ሌታ ደነገጠ። ከአምና ወዲህ በስሙ ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነው።

አዲሱ ሰው ኦቦ ቱፋ ይባላሉ። ከሸነን መሬታቸውን ለቀው የመጡ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ የሌታን አባት የሚያህሉ ሰው ናቸው። ከተቀጠሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ነገሩ የገባቸው ይመስላል፤ ጆንያውን አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ጆንያ ተሸካሚው ዘገየ ከወዲሁ አፉን በክንዱ ሸፍኖ ይስቃል።

ሌታ እፍኙን ይዞ ቀረባቸው። የሚያድረው እዚሁ መጋዘን ጥግ፣ ጆንያ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት የሚሄደው ያ ጥግ ስላለ ነው። ይገዙ ለባለ ወፍጮው አንድ ቃል ከተናገረ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ነው። ይህን ይገዙም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል።

ኦቦ ቱፋ ዝቅ ብለው በቀስታ አሉት። «ስጠኝ ልጄ። ለእኔ ብለህ እንጀራህን አትጣ።»

ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ከታች በኩል የቀሯቸው ጥርሶች ጥቂት ናቸው።

የሌታ ምላስ ሳያዘው ወደ ተሸረፈው ጥርሱ ሄደ። እጁን መለሰና በጓሮው በር ወጥቶ ዱቄቱን ደፋው። መዳፉን በሱሪው ጠርጎ ተመለሰ።

ዘገየ መሳቁን ተወ።

«ምን ሠራህ?» አለ ይገዙ።

«ይሄ የሚደፋ ነው፣ ጋሼ። ደፋሁት።»

ይገዙ ተጠጋው፤ ትንፋሹ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ባለ ወፍጮው ማታ እንደሚመጣ፣ ያኔ እንደሚተያዩ፣ ጥጋበኛ ሰው መጋዘን ውስጥ እንደማያድር ነገረው። ሌታ ዓይኑን አልሰበረም። ይገዙ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረና «ገለባ! ያን ጆንያ አምጣ!» አለ።

ሌታ አልተንቀሳቀሰም።

«ገለባ! አትሰማም?»

ኦቦ ቱፋ ኮፍያቸውን አጠለቁ። ጎንበስ ብለው የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዙና ስሙን እንዳልሰማ ሰው በኦሮምኛ ጠየቁት። «ኢልማ ኮ፣ መቃን ኬ ኤኙ?» ልጄ፣ ስምህ ማን ነው?

ሌታ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ አድርጎ መለሰላቸው።

«ሌታ።»