ከጠቅታው በኋላ

ሩስታም እሑድ ዕለት የሞተው አንገቱ ተቀጭቶ ነው። ቀይዋ የስፖርት መኪናው የውድድሩ ጎዳና ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከግንቡ ጋር ስትጋጭ አፍንጫዋ ተጨረማመተ እንጂ ሌላው አካሏ ደህና ነበር። ቀበቶውም አልተበጠሰም። የከዳው ወንበሩ ነው። ፍሬን ሲረግጥ ወንበሩ ከወለሉ ተነቅሎ ከነሰውየው ወደ መሪው ሄደ።

ኢንስፔክተር ሳልቢያ ስትደርስ አስከሬኑ በሸራ ተሸፍኗል። የመኪና ውድድር ክለቡ ሰዎች ግን አስከሬኑን አያዩም። የሚያዩት ከአጥሩ ሥር ብቻውን የቆመውን ሽማግሌ መካኒክ፣ ሰው ሁሉ እንደ አጎቱ «አንክል» የሚለውን ዩን ነው።

«ገዳዩ ያውና» አላት አንዱ። «ወንበሩን ዝቅ ያደረገው እሱ ነው። ሌላ ምን ምርመራ አለው?»

«እንዲህ ቀላል ከሆነ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?» አለች ሳልቢያ ዝግ ባለ ድምፅ።

አለቃዋ በስልክ ከዚያ የተለየ ነገር አልነገራትም። ሽማግሌው በነጋታው አስር ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ጋራዡም፣ የሃምሳ ዓመት ስሙም አበቃለት ማለት ነው።

የወንበሩ አራት ብሎኖች ከመኪናዋ ወለል ተለቀሙ። አራቱም ረጃጅሞች፣ አንገታቸው የዛገ፣ ራሳቸው ላይ ግን ትኩስ ቢጫ መስመር የተሰመረባቸው ነበሩ። ሩስታም መኪናውን የሚያሳድርበት መጋዘን ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ፌስታል ተንጠልጥሎ ተገኘ። ላዩ ላይ በአንክል ዩ እጅ «የተነቀሉ አሮጌ ብሎኖች፣ አራት» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ያሉት ግን አራት አጫጭር አዳዲስ ብሎኖች ናቸው።

«ሽማግሌው ተምታቶበታል» አለ ረዳቷ ሳጅን ራዚ። «አሮጌውን ገጠመ፣ አዲሱን ፌስታል ውስጥ ከተተ። አለቀ።»

ሳልቢያ አንዱን አጭር ብሎን ወደ ብርሃን አነሳችው። የቀለም ማስለቀቂያ፣ ቲነር ቲነር ይሸታል። ራሱ ላይ በተቀረጸው ቁጥር ስንጥቅ ውስጥ ፀጉር የሚያክል ቢጫ ቀለም ቀርቷል። ሌሎቹንም አየች። ከዚያ ወደ ፌስታሉ መለሰቻቸው።

አንክል ዩ በጋራዡ በር ላይ ተቀበላት። አንድ በርጩማ ስቦ በሁለት እጁ ነቀነቀና ወደ እሷ ገፋው።

«ለማሰር ከመጣሽ ሻይ አላዝዝልሽም» አላት።

«ለመጠየቅ ነው የመጣሁት፣ አንክል። ብሎኖቹ ለምን ሁለት ዓይነት ሆኑ?»

«ወንበሩን ዝቅ ስታደርጊ ወፍራሙን የድሮ እግር አውጥተሽ ስስ ብረት ነው የምታስገቢው። ብረቱ ሲሳሳ ብሎኑም ያጥራል። አጫጭሮቹ ከብረቱ ጋር አብረው ይመጣሉ።»

«ረጅሙ ቢገባበትስ?»

«ጫፉ የቀዳዳውን ታች ይመታና እዚያው ይቆማል። ራሱ ግን ብረቱን አልነከሰም። ጥብቀት የሚለካው መፍቻ ጠቅ ይልልሻል፤ አንቺ ጠበቀ ትያለሽ፤ ወንበሩ ግን በጥፍር ውፍረት ክፍተት ላይ ተንሳፍፏል፤ ሲነዳ እየተንኳኳ ብሎኖቹን ይፈታቸዋል። መፍቻ ያታልላል። ስለዚህ ከጠቅታው በኋላ በእጅ ይነቀነቃል። እዚህ ለሠራ ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው እሱን ነው።»

«ቢጫውን መስመር መቼ ነው የሚያሰምሩት?»

«ነቅንቄ ካመንኩ በኋላ። ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ አሰምራለሁ፤ ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ያልታሰረ ብሎን ላይ ቀለም አላባክንም።»

«አሮጌዎቹንስ?»

«ለባለቤቱ ነዋ። የተነቀለለትን ካላየ ተቀየረልኝ ብሎ ማን ያምናል? ሩስታም ደግሞ ሁለቴ ነው የሚቆጥረው። ሐሙስ ዕለት መኪናውን ከነፌስታሉ አስረክቤዋለሁ። መጋዘኑን ሲቆልፍ ቆሜ አይቻለሁ።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ገድሏል ብለሽ ጻፊ። ተሳስቷል ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። ሃምሳ ዓመት ሠርቻለሁ።»

የሟች ሚስት ማዝሊና በሩን ከፍታ ግቢ አላለቻትም።

«እንባ ፍለጋ ከሆነ የመጣሽው ዘግይተሻል» አለች። «እሱ በሕይወት እያለ ጨርሼዋለሁ።»

«ከሐሙስ እስከ እሑድ የት ነበርሽ?»

«ኬላንታን ክፍለ ሀገር፣ እናቴ ጋ። ስድስት እህቶቼን ጠይቂ፤ አንዳቸውም አይወዱኝም፣ ስለኔ አይዋሹም።» ሳጅን ራዚ ኋላ እንዳጣራው እውነቷን ነበር።

«ባልሽን የሚጠላው ማን ነው?»

«ማን የማይጠላው አለ? አዝሚርን ጠይቂው። ዘጠኝ ዓመት አብረው ነድተዋል። የሚያስቅ ሰው ነበር፤ ሬስቶራንት ስንገባ እንኳን ወንበር ሳይነቀንቅ አይቀመጥም። አንክል ዩ ጋ ሲሠራ የለመደው ነው። ሩስታም ‹የወንበር ሐኪም› እያለ ይቀልድበት ነበር። ኋላ ቀልዱ መረረ።»

አዝሚር አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። ያገኘችው መጋዘኑ ውስጥ ጎማ ሲደረድር ነበር፤ ሥራውን አላቆመም።

«እሑድ ጠዋት ሳይነሳ በፊት፣ በአስር ሰው ፊት አራቱንም ብሎኖች ፈትሻለሁ» አላት። «ቪዲዮ አለ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ በላይ ምን ላድርግ? ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል፤ አንጀቴን ይበላኛል፣ ግን እውነቱ ይኼ ነው።»

ሳልቢያ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየችው። አራት ጠቅታ፣ የተመልካቾች ጭብጨባ፤ ከዚያ አዝሚር የመኪናዋን በር ዘጋ።

«ወንበሩ ዝቅ ካለ በኋላ አንተ ነድተሃታል?»

«አልነዳሁም።»

«ለምን?»

«ክለቡን ጠይቂ። ሁሉም ሲስቅ ሰምቷል።»

ጠይቃ ደርሳበታለች። ሩስታም ቁመቱ ከጣሪያው ጋር ይጋጭ ስለነበር ወንበሩን ዝቅ አስደረገ። አዝሚር እዚያ ላይ ቢቀመጥ ከመሪው በላይ ምንም አያይም። ሩስታምም በሁሉም ፊት «መንገዱን ማየት ካማረህ ትራስ ይዘህ ና» አለው፤ ለዓመቱ ትልቅ ውድድር ሌላ ሹፌር መረጠ።

«የዚህ መጋዘን ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ።» ጎማውን ጣል አደረገው። «ጨረስሽ?»

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት አንክል ዩ ጋራዥ ና። ያኔ እጨርሳለሁ።»

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ ይደበድባል። ሳልቢያ አምስት በርጩማዎች አስደርድራለች። ማዝሊና ክንዷን አጣምራ ተቀመጠች። ሁለቱ የክለቡ ሰዎች እያጉረመረሙ ተከተሉ። አንክል ዩ ከሁሉም ርቆ ተቀመጠ። አዝሚር በመጨረሻ ደረሰና የቀረውን በርጩማ በሁለት እጁ አደላድሎ ተቀመጠ።

«ይሄ ሁሉ ድግስ ለምንድን ነው?» አለ ከክለቡ ሰዎች አንዱ። «ሰውየው ተሳስቷል፤ ይታሰር።»

«ተሳስቷል እንበል» አለች ሳልቢያ። «ረጃጅሞቹን ገጠመ፤ አጫጭሮቹን ፌስታል ውስጥ ከተተ። እንደዚያ ከሆነ አጫጭሮቹ መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም። አይደል?»

«አዎ፣ ታዲያ?»

«ታዲያ ለምን ቢጫ ቀለም ነካቸው?» አንዱን ብሎን አንስታ ለሰውየው ሰጠችው። «ቁጥሩ ውስጥ እይ። አንክል ዩ ያልታሰረ ብሎን አይቀባም። እነዚህ ተገጥመዋል፣ ጠብቀዋል፣ ተነቅንቀዋል፣ ተሰምሮባቸዋል። ከዚያ አንድ ሰው ፈታቸውና ቀለሙን በቲነር ጠረገው። ረጃጅሞቹን ከፌስታሉ አውጥቶ ገጠመ፤ መስመሩንም አስመስሎ አሰመረ። አጫጭሮቹን ሊጥላቸው ይችል ነበር። ግን ፌስታሉ ውስጥ ስናገኛቸው ‹ሽማግሌው ተምታቶበታል› እንድንል ፈለገ። ብለናልም።»

ሳጅን ራዚ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ይህ የሆነው ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ በተቆለፈ መጋዘን ውስጥ ነው። አንክል ዩ ቁልፍ የለውም። ማዝሊና ኬላንታን ነበረች። ሁለት ቁልፍ አለ፤ የአንዱ ባለቤት ሞቷል።»

«ሩስታም ቁልፉን የትም ይጥል ነበር» አለ አዝሚር። «ማንም ሊያነሳው ይችላል። እኔ ብሠራው ኖሮ በሰው ፊት እፈትሸው ነበር?»

«የፈተሽከው ጠቅ እንደሚል ስለምታውቅ ነው። ጠቅታውን ሁሉም እንዲሰማው ፈለግህ። ከጠቅታው በኋላ ያለውን ግን አላደረግህም። አልነቀነቅህም፤ ብትነቀንቀው ኖሮ ወንበሩ በአስር ሰው ፊት ይንኳኳ ነበር።»

«ረሳሁ። ሰው አይረሳም?»

 ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ።

«አሁን ስትገባ ምን እንዳደረግህ ታስታውሳለህ?»

«ተቀመጥኩ።»

«ከመቀመጥህ በፊት።»

አዝሚር ወደ በርጩማው ዝቅ ብሎ አየ። ማዝሊናም አየች፤ የተጣመረው ክንዷ ተፈታ።

«በሁለት እጅህ ይዘህ ነቀነቅከው» አለች ሳልቢያ። «የሬስቶራንት ወንበር ትነቀንቃለህ፣ የጋራዥ በርጩማ ትነቀንቃለህ። በሕይወትህ ሳትነቀንቀው ያለፍከው ያንን አንድ ወንበር ብቻ ነው።»



«እንዲፈራ ነበር» አለ አዝሚር በመጨረሻ። «ወንበሩ ሥሩ ሲንቀሳቀስ ደንግጦ እንዲቆም። በሰው ፊት እንዲዋረድ። ዘጠኝ ዓመት… ትራስ ይዘህ ና አለኝ።»

«እኔንስ?» አለ አንክል ዩ። ከተቀመጠ ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «እኔ ምን ብዬህ ነው?»

አዝሚር ተነስቶ ሁለት እጁን ለሳጅኑ ዘረጋ።

ሳጅን ራዚ እጁን በካቴና አስሮ በዝናቡ ውስጥ ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰደው። የኋላው በር ተከፈተ። አዝሚር ሊገባ ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ተዘረጋ፤ ካቴናው መንገድ ላይ ያዘው።

አንክል ዩ ከበሩ ላይ ሆኖ ይህን አየ። ፊቱን አዞረና በርጩማዎቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመረ።