የእንግዳ ክፍሉ ትራስ

አንተ አንባቢ፣ ሳታስብ መልስልኝ፤ ቤትህን የምትይዝልህ ሴት በወር ስንት ታገኛለች? እሺ፣ ታውቃለህ እንበል። በዚያ ገንዘብ አንተ ራስህ ስንት ቀን ትከርማለህ?

ጡረተኛው ሽማግሌ በሞቱ በሦስተኛው ቀን መርማሪው ይህንኑ ቤተሰባቸውን ጠየቀ። ታላቅየው ወንድ ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ሴቷ ልጅ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርቷ፣ «እሷን እኮ እንደ ሠራተኛ አይተናት አናውቅም፤ ቤተሰብ ናት» አለች። ባሏ ባለመድኃኒት ቤቱም ምግቡና መኝታው ሲደመር ቀላል እንዳልሆነ አከለበት። መቼም የሰው ደመወዝ ለመዋጥ «ቤተሰብ» የምትለዋን ቃል ያህል ጉሮሮ የሚያለሰልስ ነገር አልተፈጠረም። ቤተሰብ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን ብቻዋን ኩሽና ውስጥ በላች? ቤተሰብ ከሆነች አሁንስ ለምን በሩ ሥር ቆማ ትሰማለች?

ተቀመጪ ያላት አልነበረም፤ እሷም መቀመጥ አላማራትም። ሟቹ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ስለምትይዝ «ቁልፌ» ይሏት ነበር፤ ስሙ እዚያው ጸደቀባት። እዚህ ከመምጣቷ በፊት በአንድ ትልቅ ሆቴል የአርባ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሽማግሌው ሚስታቸው የሞቱባቸው ጊዜ፣ ሆቴሉ ከሚከፍልሽ አላሳንስም ብለው ወሰዷት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለቴ ጨመሩላት። ዛሬ ደመወዟ እዚያው ሆቴል አዲስ ከሚቀጠር በረኛ ያንሳል። ምግብ፣ ልብስ፣ ጥገና፣ ሐኪም፣ አትክልተኛ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል፤ ያን ቤት ቀጥ አድርጎ ማቆም ሙያ ነው። ሙያ መሆኑን የሚክድ ካለ ለአንድ ሳምንት ይሞክረው።

እሑድ የሆነው እንዲህ ነው። ልጆቹና አማችየው ባለመድኃኒት ቤቱ ከሽማግሌው ጋር ምሳ በሉ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ጋደም ሊሉ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ቁልፌ ዕቃ ስታጥብ ቆይታ አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ይዛላቸው ስትገባ ሞተዋል። ሁሉም ልባቸው ነው አለ። ሐኪሙ ግን ዐይናቸው ውስጥ ቀያይ ነጠብጣብ፣ የከንፈራቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ በጥርስ የተቀደደ ቁስል አየ። ታፍነው ነው የሞቱት አለ። ያኑ ዕለት መኝታ ክፍሎቹ በሙሉ ታሸጉ።

በቀብሩ ቀን ሴቷ ልጅ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «አባቴን የገደለችው ይህች ናት!» ብላ ጣቷን ቀሰረችባት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቁልፌ ድንዝዝ ብላለች። አላለቀሰችም፤ አልማለችም። እጆቿ ብቻ የሌላ ሰው ይመስል ይሠራሉ፤ ብርጭቆ ይወለውላሉ፣ ወንበር ያስተካክላሉ። አንድ ነገር ግን ገብቷታል። ከአንድ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት የሚያስገባት ታማኝ ናት የሚል የሰው ቃል ነው። ያ የቀብሩ ቃል ካልተሻረ፣ ፖሊስ ቢለቃትም እንኳ፣ በአምሳ ሦስት ዓመቷ በሩን የሚከፍትላት የለም።

መርማሪው ኮቱ የሰፋው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው የሚመስል አጭር ሰው ነበር። ሁሉንም በየተራ የት እንደነበሩ ጠየቀ። ታላቅየው ሳሎን ቴሌቪዥን ሲያይ ነበር። ሴቷ በረንዳ ላይ የተማሪ ወረቀት ስታርም ነበር። አማችየው በእንግዳ ክፍሉ ተኝቶ ነበር።

«ብዙ ተኙ?»

«ከምሳ ጀምሮ እንደ ድንጋይ። ጭንቅላቴን ከትራሱ ቀና ያደረግኩት እሷ ስትጣራ ነው።»

«ማንም አልገባም?»

«ቢገባ እነቃ ነበር። እንቅልፌ ሲመጣ ይመጣል እንጂ ኮሽታ አይችልም።»

«እንደ ድንጋይ አላሉም?»

«ማለቴ...» ብሎ ሳቀ። «አባባል ነው እንጂ።»

መርማሪው አብሮት ሳቀ፤ ጻፈም። ከዚያ ቁልፌን ይዟት ወደ ሟቹ መኝታ ቤት ሄደና እሽጉን ቀደደ።

«እትዬ፣ ምንም አይንኩ። እንዲሁ ይዩልኝ። እዚህ አልጋ ላይ የእርስዎ ሥራ ያልሆነው ምንድን ነው?»

በዚህ ቤት ውስጥ «እርስዎ» ያላት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይላት ይሆናል።

«ትራሱ» አለች። «የትራስ ልብሱ አፍ ወደ በሩ ዞሯል። እኔ ወደ መስኮቱ ነው የማዞረው። የሆቴል ሥርዓት ነው፤ የሚገባ ሰው የትራሱን ገመና እንዳያይ።»

«ሲገላበጡ ዞሮ ቢሆንስ?»

«ሊዞር ይችላል። ምልክቱ ግን አይቀየርም።» የትራስ ልብሱን ጫፍ በጣቷ ሳትነካ አሳየችው። የጌታው አንሶላና ትራስ ልብስ ጥግ ላይ ቀይ ክር ትሰፋለች፤ የእንግዳ ክፍሉ ሰማያዊ ነው። ይህኛው ሰማያዊ ነበር።

«ይህን መቼ አዩ?»

«እሑድ፣ ሻዩን እንደያዝኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«የጠየቀኝ አልነበረም።»

መርማሪው ይህንንም ጻፈ። ከዚያ የእንግዳ ክፍሉን ከፈተ። ቁልፌ ከበሩ ሳታልፍ እዚያ ያለውን ትራስ አየችው። ልብሱ ተገልብጦ ነው የለበሰው፤ ስፌቱ ሁሉ ወደ ውጭ ነው። መርማሪው እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ቆመ። እጁን አውጥቶ ክፍሉን መልሶ አሸገ። 

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ግቢው ውስጥ ለቀስተኛው በየወንበሩ ተቀምጧል፤ ድምፁ በመስኮት ይሰማል።

መርማሪው ለቁልፌ ራሱ ወንበር ሳበላትና ንግግሩን ከሟቹ ጠበቃ ጀመረ። ሽማግሌው ሰኞ ጠዋት ከጠበቃው ጋር ቀጠሮ ነበራቸው። መንገድ ዳር ያለውን ሱቃቸውን ሸጠው ለቁልፌ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የአገልግሎት ክፍያ ሊሰጡ ወስነዋል። ይህንንም እሑድ ምሳ ላይ፣ እሷ ኩሽና ሳለች፣ ለሦስታችሁም ነግረዋችኋል፤ ለጠበቃውም በስልክ አሳውቀውታል አለ። ሦስታችሁም ደበቃችሁኝ፤ እንዲያውም ደመወዝ ጨምሩልኝ ብላ ተቀይማ ነው የገደለችው አላችሁኝ።

ታላቅየው አንገቱን ደፋ። ቁልፌ የሰማችው ለሷ የተባለ አልመሰላትም። ሊከፍሉኝ ነበር፣ አለች በሆዷ።

መርማሪው ቀጠለ። ሽማግሌው በራሳቸው ትራስ ታፈኑ፤ ከከንፈራቸው የወጣው ደም የትራስ ልብሱ ላይ ቀረ። ገዳዩ ልብሱን መለወጥ ነበረበት።

«ገዳይዋ እትዬ ብትሆን ኖሮ ንጹሑን ከቁም ሳጥኑ ታወጣለች፤ ቁልፉ ወገቧ ላይ ነው። ደም የነካውን ታጥበዋለች። ቀዩን ምልክት ትታ ሰማያዊውን አታለብስም። ቁልፍ የሌለው ሰው ግን ትራስ ልብስ ከየት ያመጣል?» ወደ አማችየው ዞረ። «እርስዎ ትራስ አልብሰው ያውቃሉ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ?»

«ያስታውቃል። ደም ያለበትን ገልብጠው፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርገው ነው ያለበሱት። እድፉ ውስጥ ከገባ ማንም አያይም ብለው አሰቡ። አልጋ ማን እንደሚያነጥፍ አስበው አያውቁማ።»

«ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆንስ?»

«ሌላ ሰው? ከምሳ ጀምሮ ጭንቅላትዎን ከዚያ ትራስ አላነሱም፤ ማንም ቢገባ ይነቁ ነበር። የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ከጭንቅላትዎ ሥር ልብሱን ገፎ፣ ሌላ ያለበሰ ሰው ሳይታወቅዎ ወጣ?»

 የአማችየው መድኃኒት ቤት ያለ ኪራይ የሚሠራው በዚያው ሱቅ ውስጥ እንደሆነ መርማሪው ጨመረ። ሱቁ ቢሸጥ እሱ ነው መንገድ ላይ የሚወድቀው። አማችየው መጨረሻ ላይ «ለአንድ ሠራተኛ ብለው...» አለ፤ አልጨረሰውም። ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት።

ሴቷ ልጅ ፊቷ አመድ መስሏል። መጀመሪያ የተናገረችው ለፖሊሶቹ ነው፤ በጓሮ በር ውሰዱት፣ ለቀስተኛው እንዳያይ አለቻቸው። ቀጥላ ወደ ቁልፌ መጣችና እጇን ያዘች።

«ቁልፌ፣ ይቅር በይኝ። ተሳስቼ ነው። ገንዘቡንም ቢሆን ቀስ ብለን እናያለን። ብቻ ነገሩ እዚሁ በኛ መሐል ይቅር፣ እባክሽ።»

ቁልፌ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ከወንበሯ ተነሣች። ሄዳ ወደ ግቢው የሚያወጣውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ውጭ ወሬው ቀጥ አለ፤ ሰዎቹ ዞረው አዩ። ቁልፌ ያወጣችው ድምፅ ቁጣም እንባም የለበትም።

«ገዳይ ያልሽኝ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውን እዚህ አልቀበልም። ነይ፣ ውጪ። አባትሽን ማን እንደገደላቸውና ለምን እንደገደላቸው ለነዚህ ሰዎች ንገሪያቸው። እኔም እዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በወር ስንት ሲከፈለኝ እንደኖርኩ፣ ቁጥሩን ጠርተሽ፣ ኋላ የተቀመጡት እስኪሰሙ ተናገሪ። ሁሉም እየሰማሽ ነው፤ መልሺ።»