በአረንጓዴ ቀለም የተፈረመው ገጽ

ረቡዕ ጠዋት ሶስና በሩን ከፍታ ስትገባ ሚስተር ራጋቫን አልጋቸው ላይ በድን ሆነው አገኘቻቸው። ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ ናይን ዋን ዋን ከመደወሏ በፊት አንድ ነገር አደረገች። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

በማግስቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም «የማታውን የኢንሱሊን መርፌ ሁለት ጊዜ ተወግተዋል» አለ። መርማሪዋ ተናኘወርቅ፣ ሊቶኒያ ከተማ ወዳለው የሟቹ ቤት መጣች። የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ነበሩ፦ የቀን አስታማሚዋ ሶስና፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆየው የማታው አስታማሚ ፍሬው፣ ማክሰኞን ሆስፒታል ተረኛ ሆና ያደረችው የሟቹ ልጅ ሱጃታ።

«አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ስትል ተናኘወርቅ ሱጃታን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«ሕንድ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ሹም ነበር። ከአውራጃ አስተዳዳሪነት ተነስቶ የሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ እስከ መሆን ደርሷል። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ከቦታ ቦታ አዘዋውረውታል።»

«ለምን?»

«ባዶ ወረቀት ላይ አልፈርምም እያለ።»

ሶስና አንገቷን ደፋች።

«ጡረታ የወጡ አይመስላቸውም ነበር እኮ!» አለ ፍሬው በተራው። «መዝገብ ከፍተውልናል። እኛ በሰማያዊ ‹መርፌ ይሰጥ?› ብለን እንጽፋለን፤ እሳቸው ከሥሩ በአረንጓዴ ‹ተፈቅዷል› ብለው ይፈርማሉ። በአረንጓዴ የሚጽፈው የበላይ ሹም ነው ይሉናል። ሾርባ ለማሞቅ እንኳ ማመልከቻ አስጽፈውኛል፣ ነፍሳቸውን ይማርና!»

«ሊያባርርህ አስቦ ነበር» አለች ሱጃታ። «ሁልጊዜ ስለምታረፍድ።»

ተናኘወርቅ መዝገቡን ገለጠች። የማክሰኞው ገጽ ላይ በሶስና እጅ ጽሑፍ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስወጣ የማታው መርፌ አልተሰጠም፤ ፍሬው ይስጥ» ይላል። ከሥሩ አረንጓዴው ፊርማ አለ፤ ከዚያ የፍሬው «ሰጥቻለሁ»።

ፍሬው ገጹን አይቶ ከመቀመጫው ተነሳ። «ይሄ የላይኛው ጽሑፍ ማታ አልነበረም! ፊርማው ብቻ ነው የነበረው፤ ‹ሰጥቻለሁ› የሚል የለም። ሶሲ ሳትሰጥ ሄዳ ነው ብዬ ወጋኋቸው። እንቅልፍ ጥሏቸው ስለነበር አልጠየቅኳቸውም። አንዴ ብቻ ነው የወጋሁት! ሶሲ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

«ጽፌ ነው የሄድኩት» አለች ሶስና። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

ፍሬው ያን ዕለት ለጥያቄ ተወሰደ። ሶስና ሌሊቱን ሙሉ ያን «ንገሪያቸው እንጂ» ስትሰማ አደረች።

ዓርብ ጠዋት ተናኘወርቅ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፍሬው በፖሊስ ታጅቦ መጣ።

«ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀለም አንድ ቦታ ላይ ይነካካሉ» አለች። «በማጉያ መነጽር ሲታይ ሰማያዊው ከላይ ነው ያለው። ስለዚህ ፊርማው ቀደመ፤ ጽሑፉ ኋላ መጣ።»

«አባቴ? ባዶ ገጽ ላይ?» አለች ሱጃታ። «በጭራሽ!»

«አንድ ጊዜ ፈርመዋል፤ ገጹን ኋላ ለሞላው ሰው።» ተናኘወርቅ ወደ ሶስና ዞረች። «እዚህ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መቆየት ነበረብሽ። ማክሰኞ ግን በአሥራ አንድ ሰዓት ኮሌጅ ፓርክ የሚባለው ከተማ፣ ሁለተኛ ሥራሽ ላይ፣ ክሎክ ኢን አድርገሻል፤ የገባሽበት ሰዓት ተመዝግቧል። መርፌውን አስቀድመሽ ወጋሻቸው። እሳቸው እያዩሽ የውሸት ሰዓት መጻፍ ስላልቻልሽ፣ ያለ ሰዓቱ መስጠትሽ እንዳይታወቅ ጠዋት መጥተሽ ለመሙላት ገጹን ባዶ ተውሽው። ፍሬው ፊርማውን አይቶ ደገመው። በነጋታው ሬሳውን ስታዪ፣ አልሰጠሁም ብለሽ ጻፍሽ።»

«ሥራ ላረፍድ ነው ስላቸው፣ ‹ልጄ፣ አንቺን አምናለሁ› ብለው ፈረሙልኝ» አለች ሶስና።

ሱጃታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እሳቸውን ለመጉዳት አላሰብሽም» አለች ተናኘወርቅ ዝግ ባለ ድምፅ። «ይገባኛል።»

«እኔንስ?» አለ ፍሬው።

ሶስና ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

«አንተን አውቄ ነው» አለችው።