ትልልቆቹ ፊደላት

አራሚው የሞተው ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቷል፤ ከክንዱ አጠገብ ጥቂት ሻይ የቀረበት ብርጭቆ አለ፤ ሻዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኝቷል። «ሠላሳ ዓመት የሰው መጽሐፍ ሲያርም ኖሮ የራሱን መጨረሻ አበላሸ» አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ። መርማሪዋ ዞር ብላ አየችው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስለቀጠነች ሳይሆን ስለምትወጋ ነው።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ በዚያው ኮምፒውተር መዝገበ ቃላት አብሮት ሲያዘጋጅ የኖረው የሟቹ ታናሽ ወንድም። «ኮምፒውተሩን ክፈቱት፤ ስለ መርዝ ሲያነብ ነበር። ጋሼን ራሱን እንዲያጠፋ የገፋችው ደግሞ እሷ ናት!» ጣቱን የሟቹ ልጅ ላይ ቀሰረ። «ትናንት ተጣልተው ነበር፤ ምን እንዳለችው ጠይቋት!»

መርፌ ልጅቷን ለብቻዋ ወሰደቻት።

«‹ዓይንህ ደክሟል፣ ሐኪም ይይህ› አልኩት» አለች ልጅቷ። «ዓይኑ ደከመ ከተባለ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ከአጎቴ እንኳ ደብቆት ነበር። ‹ውጪልኝ!› አለኝ። እኔም... ‹እንግዲያው ታውረህ ቅር› አልኩት።»

«ዛሬ ጠዋት ግን ተመልሰሽ መጥተሻል።»

«ሌላ ብሮውዘር ልጭንለት። ኢንተርኔት የሚያይበት የድሮው ብሮውዘር ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፤ ላሳድገው ሲል ገጹ ይተራመስበታል። አዲሱ ግን ፊደሉን አሳድጎ መስመሩንም ራሱ ያስተካክላል። ‹ለሙከራ ነው፤ ካልወደድከው አጥፋው› አልኩት። ቀናም አላለ። ከድሮው አጠገብ አስቀምጬለት ወጣሁ። ደህና ዋልም አላልኩትም።»

መርፌ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ ሳይፈርዱባት ራሷ ላይ የፈረደች እንዲህ ያለች ልጅ ግን አላየችም።

የእንጀራ እናትና ልጅ ዓይንና ናጫ ናቸው። የሟቹ ሚስት፣ የልጅቷ እንጀራ እናት፣ ይህን አልደበቀችውም። «አልወዳትም። ግን ያየሁትን ልናገር። ዛሬ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ፣ ተንፈላስሶ ሲያነብ አየሁት። ስንት ወር አፍንጫው ከስክሪኑ ተላቆ አያውቅም! ኋላ ስልክ ላይ ‹ስሜን የት አደረስከው?› ብሎ ጮኸ። ማን ላይ እንደሆነ እንጃ፤ ወደ ገበያ ወጣሁ።»

«ሻዩን እርስዎ ነዎት ያፈሉለት?»

«እኔ አይደለሁም። ደግሞ እሱ ወረቀትም ሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የከፈተውን ሁሉ ሳይዘጋ ሻይ አይቀምስም። አንዴ የሰው ረቂቅ ላይ ደፍቶ ከዚያ ወዲህ ምሏል።»

ወንድምየው ሳይጠየቅ ነው የጀመረው። «አምስት ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ ነበር። እንደ ወትሮው አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ስለ መርዝ ያነባል። ‹ምን ሆነሃል?› ስለው ‹ሂድልኝ› አለኝ።»

«በዓይንህ አየኸው?»

«በእነዚህ ዓይኖቼ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መርፌ ኮምፒውተሩ ጋ ሄዳ ሁለቱንም ብሮውዘር ከፍታ አየች፤ ከዚያ ሁሉንም ሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንዱ የሌላውን ፊት ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

«ሟቹ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ያነበበው ሁሉ በአዲሱ ብሮውዘር ነው» አለች። «በድሮው ዛሬ የተጻፉት ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ሦስቱም ስለ መርዝ፣ ሦስቱም በአምስት ሰዓት፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ። ትልቅ ፊደል ያገኘ ደካማ ዓይን፣ ልሙት ሲል ወደ ጉንዳኑ ይመለሳል?»

«እንዲያውም እሷ ትሆናለቻ!» አለ ወንድምየው።

«እሷማ ብትሆን አዲሱ ላይ ትጽፈው ነበር፤ የጫነችው ራሷ ናት። ሚስቱም ዛሬ ተንፈላስሶ ሲያነብ አይታዋለች። አፍንጫውን ለጥፎ ያነብ የነበረው እስከ ትናንት ነው፤ አንተ የምታውቀው ትናንትን ብቻ ነው። ሻይ ይዘህለት ስትመጣ እንደ ልማዱ የከፈተውን ሁሉ ዘጋ። ጠጥቶ ሲዝለፈለፍ ወደ ጎን አድርገኸው እጅህ የለመደውን ብሮውዘር ከፈተ፤ ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ደፋኸው።»

«ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት አብራችሁ የደከማችሁበት መዝገበ ቃላት አለ። ዛሬ የአሳታሚውን ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል አነበበው፤ የሰፈረው ያንተ ስም ብቻ ነው። ወዲያው ደውሎ ‹ስሜን የት አደረስከው?› ብሎ የጮኸው አንተ ላይ ነው። ስልክህን አምጣ።»

ወንድምየው ስልኩን አላወጣም። «አሥራ ሁለት ዓመት!» አለ ጥርሱን ነክሶ። «እሱ ሊቁ፣ እኔ ተላላኪው!» ፖሊሱ እጁን ይዞ አወጣው።

ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቀረች። «ቢሆንም ያልኩትን እንደያዘ ነው የሄደው» አለች።

መርፌ አዲሱ ብሮውዘር ላይ ሟቹ መጨረሻ ያየውን ገጽ ከፈተችና ስክሪኑን ወደ በሩ አዞረችው። የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ነው፤ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። «አብሮ የሚመጣ ሰው» የሚለው ቦታ ላይ «ልጄ» ተብሎ ተሞልቷል።

ልጅቷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ አነበበችው። ፊደሉ ትልቅ ነበር።